ለተልባ የተተከለ ድንኳን

ሙሄ ይመር እጁን ያቃጠለው ምድጃውን ስላላመነው ነው።

ዘመኑ 2091 ዓ.ም.፣ ቦታው ደሴ፣ ሳላይሽ ሰፈር። ምድጃው ገና አዲስ ነበር። ሙቀቱን ራሱ ይለካል፤ ዳቦው ሲበስል ራሱ ይናገራል። ሙሄ ግን አርባ ዓመት ሙሉ የምድጃ ሙቀት የለካው ቀኝ እጁን ወደ ውስጥ ሰድዶ እስከ ሰባት በመቁጠር ነው። እጁ ሰባት ላይ ከተማረረች ልኩ ነው፤ አምስት ላይ ከተማረረች ዳቦው ያርራል፤ ዘጠኝ ከደረሰች ገና ነው። በዚህ መለኪያ ሦስት ልጅ አሳድጎ ድሯል። ስለዚህ አዲሱ ምድጃ "ሁለት መቶ ሠላሳ ዲግሪ" ሲለው፣ "እስቲ እንየዋ" አለና እጁን ሰደደ።

አራት ላይ ሲደርስ ምድጃው በሩን ዘጋ። የተሠራው በሩ ተከፍቶ ሲረሳ በራሱ እንዲዘጋ ተደርጎ ነው። የሠሩት ሰዎች ውስጡ እጅ ሊኖር ይችላል ብለው አላሰቡም።

ሙሄ ለአራት ቀን ነገሩን ደበቀ። ቃጠሎው ላይ የጥርስ ሳሙና ቀባ፣ በላዩ የዱቄት ከረጢት ጨርቅ ጠቀለለበት፣ ረጅም እጅጌ ለበሰ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሚስቱ ዚነት ቁርስ ልታቀርብ ጠጋ አለችና ቆመች።

"ሙሄ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?"

"እርሾ ነው።"

"እርሾ እኔም አውቃለሁ" አለች ዚነት፤ እጅጌውንም ሰበሰበችው።

ጤና ጣቢያ ሲስተር ረድኤት ናት ያየችው። ከነጩ የጥርስ ሳሙና በታች አረንጓዴ ነገር ነበር። ባክቴሪያ ይገድሉ የነበሩት የድሮ እንክብሎች መሥራት ካቆሙ ሠላሳ ዓመት ስላለፋቸው ስለነሱ ማንም አላነሳም። ቁስሉን አጠበች፣ የሞተውን ቆዳ ገፈፈች፣ ከዚያም ከቀዝቃዛ ሣጥን ውስጥ የሚያሟልጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ መዳፍ የሚያክል ነገር አውጥታ ከጣቶቹ ሥር እስከ እጁ አንጓ ድረስ አለበሰችው። የመዝገብ ስሙ "ንቁ የቁስል ልባስ፣ ዓይነት ሦስት" ነው። ውሃ ውስጥ ያደረ ተልባ ስለሚመስል አገሩ ሁሉ ተልባ ይለዋል፤ ሲስተር ረድኤትም ተልባ ነው የምትለው።

"ጋሼ፣ ይስሙኝ" አለችው። "ይቺ ባክቴሪያ በመጣ ቁጥር ትገድላለች፤ በገደለች ቁጥር ደግሞ ጉልበቷ ይቀንሳል። ያለኝ ይቺው ናት፤ ሌላ የሚመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሃያ አንድ ቀን ከቆየችልን ቆዳው ይገጥማል። ቀድማ ካለቀች ግን እጁን ከአንጓው ላይ እንቆርጠዋለን።"

"የማቦካበት እጅ ነው" አለ ሙሄ፤ እሷ ሌላ እጅ ተሳስታ የያዘች ይመስል።

"አውቃለሁ። ስለዚህ አይንኩት።"

ተልባ ትናገራለች። በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ፣ ለበሽተኛው ቤተሰብና ግድግዳ ለሚጋሩት ጎረቤቶች ሁሉ፣ በስልክ ሪፖርት ታቀርባለች። ድምፅዋ የአዲስ አበባ ወይዘሮ ድምፅ ነው፤ ትሑት ናት፣ ትንሽም ጉንፋን የያዛት ትመስላለች። የአገሩ ሰው የመዳፍ ባክቴሪያ በ2079ኙ የቆዳ ምዝገባ አንድ በአንድ ስለተጻፈ፣ ማን ምን ይዞ እንደመጣ ታውቃለች። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ እንኳ ከዘር ቀጥሎ የሚጠየቀው "ቆዳዋ እንዴት ነው?" ሆኗል።

እጁ ላይ በዋለች በአራተኛው ቀን እንዲህ አለች፦

"እንደምን አደራችሁ። ቀን አራት። ጉልበት ሰማንያ ስምንት በመቶ። ትናንት የመጡ ባክቴሪያዎች ሦስት ዓይነት። ምንጭ፤ ወይዘሮ ብርነሽ አስፋው፣ ቀኝ መዳፍ፣ ሁለት ዓይነት። ምንጭ፤ ያልተመዘገበ ሰው፣ አንድ ጣት፣ አንድ ዓይነት። መልካም ቀን።"

ብርነሽ ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት ናት። ሪፖርቱ ሳያልቅ ግቢው ውስጥ ደርሳ ነበር።

"ዚነት! እኔ እኮ ታጥቤ ነው የመጣሁት! በአላህሽ፣ ሁለት ዓይነት?"

"ተይው ብርነሽ፣ ማን ምን አለሽ።"

"ሰፈሩ ሁሉ ሰማኝ እኮ! ቆሻሻ አስመሰለችኝ ይቺ ተልባ!" ወደ ሙሄ ዞረች። "ሙሄዋ፣ አብሽር፣ እግዜር ያሽርህ። ብርቱካን አምጥቼልሃለሁ።" ብርቱካኑን እየሰጠች፣ እግረ መንገዷን፣ ትራሱን አስተካከለችለት።

በማግስቱ ሦስት ዓይነት ሆነ።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በስድስተኛው ቀን ግን ጋሽ አራጋው መጣ። አራጋው በሌላው በኩል ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት፣ የቅሬውም ጸሐፊ ነው። በወሎ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚያስቆፍረው፣ ከቀብር የቀረውን የሚመዘግበው ማኅበር ቅሬ ይባላል፤ ሳላይሽ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚቀበረው በአንድ የአራጋው መዝገብ ነው። ፊቱ ጠቁሮ ገባ።

"ሙሄ፣ ሁለት ጊዜ ጠይቄሃለሁ ወይስ አልጠየቅሁህም?"

"ጠይቀኸኛል።"

"እዚህ በሩ ላይ ቆሜ፣ በሳሙና ታጥቤ፣ ምንም ሳልነካ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ስሜ ለምን አልተጠራም? የብርነሽ ተጠራ። የዚያ የልብስ ሰፊው ተጠራ። የኔ የለም! ገበያ ላይ ሰው 'አራጋው፣ ሙሄን አልጠየቅኸውም እንዴ?' አለኝ። ከቀብር የሚቀር ሰው የምቀጣ እኔ ነኝ፤ የታመመ ጎረቤቱን ያልጠየቀ ልባል?"

አራጋው ትንሽ አሰበና ጠጋ ብሎ ደህና አድርጎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

"ያሽርህ" አለው፤ ወጣም።

በማለዳው "አቶ አራጋው መኮንን፣ ሁለቱም መዳፍ" ተብሎ ተነበበ። ሰዎች እንደሚሉት ያን ዕለት አራጋው ሻይ ቤት ውስጥ ስልኩን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ አሰምቷል።

ከዚያ በኋላ ሳላይሽ መታጠብ አቆመ። ንጹሕ ሰው ያልጠየቀ ሰው ሆነ። ከገራዶ ድረስ የመጣ አንድ ዘመድ፣ ሩቅ አገር ነኝ ስሜ እንዳይዘለል ብሎ፣ አልጋውን በሁለት እጁ ይዞ ነው ያጫወተው። አማቾች በሰልፍ መጡ። ጥሩ ጠያቂ አራት ዓይነት፣ መካከለኛ ሁለት ዓይነት ተባለ። የሪፖርቱ ርዝመት ከአሥር ደቂቃ አለፈ። ያልተመዘገበው ሰው በየቀኑ መጨረሻ ላይ ይጠራል፤ ስም ስለሌለው ግን የሚኮራበትም የሚቀየምለትም አልተገኘም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተልባ "ጉልበት አርባ አምስት በመቶ" አለች። ዚነት የቡና ሲኒ እያጠበች ነበር። ሲኒውን አስቀመጠች። ዘጠኝ ቀን ይቀራል። ቁጥር ማስላት አያሻም ነበር፤ ሙሄ ቀኝ እጁን ብርድ ልብስ ላይ አጋድሞ ጣቶቹን ሲያይ አየችው። እያንዳንዱን በተራ ነው ያየው፤ የሚሰናበት ሰው እንደሚያይ።

ወጥታ የግቢውን በር ዘጋች። እሷ ከተዳረች ወዲህ በሩ በቀን ተዘግቶ አያውቅም። ከዚያ ሰው እንዳይቀየም በበሩ ሰሌዳ ላይ በትሕትና ጻፈች፦

*ጥየቃው አብቅቷል። እናመሰግናለን።*

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ተልባ "ሠላሳ ስምንት" አለች። "ምንጭ፤ ያልተመዘገበ ሰው፣ አንድ ጣት።"

ዚነት ክፍሉን ዞረችው። አልጋው ሥር አየች። "ሙሄ፣ በጓሮ ሰው ታስገባለህ?"

"ማንን?"

"እኔ ምን አውቄ! ያልተመዘገበ!"

"ዚኑ፣ በሩን ዘግተሽዋል። ማን ይገባል?" አለ ሙሄ፤ ግራ እጁን ብርድ ልብስ ውስጥ ከተተ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሠላሳ አንድ። በአሥራ አምስተኛው ሃያ አራት። በሩ ዝግ ነው፣ ጠያቂ የለም፣ ጣቷ ግን በየቀኑ ትመጣለች። ዚነት ሪፖርቱን ሰምታ ወጣችና ለሲስተር ረድኤት ደወለች።

እሷ እየደወለች ሳለ ሙሄ የመዶሻ ድምፅ ሰማ። በመስኮት ብቅ ሲል የቅሬው ድንኳን ከበራቸው ፊት ለፊት ግማሹ ቆሟል። አራጋው አጎንብሶ ካስማ ይመታል።

"አራጋው! ማን ሞተ?"

"ሙሄ ዳቦው" አለ አራጋው፣ ቀና ሳይል።

"ኧረ! መቼ?"

"ትናንት ነው መሰለኝ። ሚስቱ ደብቃው ነው እንጂ ከትናንት ወዲያም ሊሆን ይችላል።"

"ምን ሆኖ?"

"እጁ ነዋ። ግትር ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና። ዝም ብለህ ከምታየኝ ና ይቺን ገመድ ያዝልኝ።"

"በየትኛው እጄ?"

አራጋው መዶሻውን ለቀቀው። እግሩ ላይ ነው የወደቀው፤ ያን ጊዜ ግን አልተሰማውም።

ድንኳኑ ውስጥ ቀድመው የገቡ ሴቶች ነበሩ። ብርነሽ ከመሃል ተነስታ በበር ሳይሆን በመስኮት ደረሰች፤ ዓይኗ በእንባ እንዳበጠ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሌሎች ሁለት ተከተሉ። ዚነት መጥረጊያ ይዛ እስክትደርስ ሙሄ ስድስት ጊዜ ተስሟል።

"ምን ሆናችኋል!" አለች ዚነት። "ማን ሞተ አላችሁ?"

"አንቺ ነሻ!" አለ አራጋው፣ አሁን እግሩን ይዞ። "ጥየቃው አብቅቷል ብለሽ ለጠፍሽ! ጥየቃው ያበቃ ሰው ወይ ድኗል ወይ ሞቷል። ቢድን ኖሮ ዳቦ በበላን ነበር!"

ነገሩ ልክ ነበር።

ሲስተር ረድኤት ስትደርስ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር፤ ዜናው ገራዶ ደርሶ የዘመድ መኪናም መጥቷል። ሁሉንም አስቀመጠቻቸው፤ ሙሄን ብቻ ራቅ አድርጋ መግቢያው ላይ በወንበር አስቀመጠችው።

"ስሙኝ" አለች። "ጠያቂ ከሌለ ተልባ የምትጨርሰው በቀን ሦስት ነው። በሩ ከተዘጋ ወዲህ ግን በቀን ሰባት እየጨረሰች ነው። አራቱን የሚወስድባት ያ ያልተመዘገበ ጣት ነው። በዚህ ከሄደች አራተኛውን ቀን አትጨርስም፤ የቀረን ደግሞ ስድስት ቀን ነው። ስለዚህ ማን እንደሆነ ዛሬ እናውቃለን። ሌባ ጣታችሁን አውጡ።"

የቆዳ ምዝገባውን ማንበቢያ መሣሪያዋን ይዛ በየረድፉ ዞረች። ብርነሽ፤ ተመዝግባለች። ልብስ ሰፊው፤ ተመዝግቧል። አማቾቹ ሁሉም። አራጋው ሁለቱንም እጁን ሰጠ። ዚነት ጣቷን ስታቀርብ ሰዉ ትንፋሹን ያዘ፤ ተመዝግባለች። መኪና ነጂው ሳይቀር ተነበበ። ሁሉም የተመዘገበ ሆነ።

"የቀረ ጣት አለ?" አለች ሲስተር ረድኤት።

ከዚያ ዚነት ቀስ ብላ ወደ መግቢያው ዞረች። ሙሄ ግራ እጁን ከጀርባው ደብቋል።

"ጋሼ" አለች ሲስተር ረድኤት። "ግራ እጅዎን።"

ማንበቢያው ጮኸ። "ያልተመዘገበ ሰው" አለ።

"ሰባ ዘጠኝ ላይ የት ነበርክ?" አለ አራጋው፣ እንደ ዳኛ።

"ምዝገባው ማለዳ ነበር" አለ ሙሄ። "ሊጡ ተነስቶ ነበር። ሊጥ ቆይ ቢሉት አይቆይም። ነገ እሄዳለሁ እያልኩ..."

"አሥራ ሁለት ዓመት?" አለች ብርነሽ። "እኔ እዚህ በሁለት ዓይነት ስሜ ሲጠፋ፣ አንተ!"

ሰዉ ሳቀ፤ ለለቅሶ የመጣ ሰው ሲስቅ ደግሞ ቶሎ አያቆምም። ያልሳቀችው ዚነት ብቻ ነበረች። ወደ ወንበሩ ሄደች፤ ልትነካው እጇን ዘረጋችና መለሰችው።

"ለምን?" አለችው። "አትንካው አለችህ እኮ።"

ሙሄ መሬት መሬት አየ። "ጠርዙን ገለጥ አድርጌ በጣቴ ጫን አደርገዋለሁ። አንዴ ብቻ፣ ጠዋት ጠዋት። ሊጥ መነሳቱን በምን ታውቂያለሽ? ጫን ስታደርጊው ተመልሶ ከመጣ ተነስቷል። ጎድጉዶ ከቀረ ገና ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያቺ ሴትዮ በየቀኑ የራሷን ጉልበት ትነግረኛለች። የኔ እጅ እንዴት እንዳደረ አንድም ቀን አልነገረችኝም። ልቆረጥ ነው አይደለም፣ በምን ልወቅ?"

"እኔን አትጠይቀኝም?"

ሙሄ አርባ ዓመት ምድጃን እንኳ ጠይቆ አያውቅም።

ፍርዱን ቅሬው እዚያው ሰጠ። የሙሄ ግራ እጅ ለስድስት ቀን ይታሰር፤ የሚገባበትም የራሱ የዱቄት ከረጢት፣ የሚታሰርበትም ገመድ የድንኳኑ ገመድ ይሁን። ሚስቱ በጓንት ታጉርሰው። ጥየቃው አይቋረጥ፤ ግን ጠያቂ ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሙሄ በመስኮቱ ሆኖ፣ በመሃል ዐሥር ክንድ ቀርቶ ይሁን። ስሙን ስለሚፈልግ ሰው አራጋው አሰበበትና የቅሬውን ደብተር ገለጠ።

"የጠየቀ ሁሉ እዚህ በብዕር ይጻፋል" አለ። "በየማለዳው ከተልባዋ ቀጥሎ እኔ አነባለሁ። ባክቴሪያ ማምጣት የለባችሁም።"

በማግስቱ ተልባ "አሥራ ዘጠኝ" አለች። ትርፏ ሁለት የስድስቱ ስሞሽ ዋጋ ነበረች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሦስት ሦስት ቀነሰች። አሥራ ስድስት። አሥራ ሦስት። ምንጭ የሚባል ነገር ቀረ። ሪፖርቷ አጭር ከመሆኑ የተነሳ ሰው የተቀየመች መሰለው፤ ብርነሽ አንድ ቀን በመስኮቱ "ተልባዬ፣ ደህና ነሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

አንድ ነገር ግን አራጋውን ያስጨንቀው ነበር። የተተከለ ድንኳን ሰው ሳይቀብር ነቅሎ አያውቅም። ደብተሩ ላይ ቀኑ ተጽፏል፣ የድንኳኑ ቁጥር ተጽፏል፣ "ሟች" የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ጠያቂዎች ሻይ እየጠጡ ባዶውን ቦታ በጎን ያዩታል፤ ከዚያ ሙሄን ያዩታል። ሙሄም ያየዋል።

አሥር። ሰባት።

በሃያ አንደኛው ቀን ማለዳ ሰዉ ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ነበር። ሲስተር ረድኤት በመስኮቱ ውስጥ፣ ዚነት ከጎኗ። አንድ ሰዓት ሆነ።

"እንደምን አደራችሁ። ቀን ሃያ አንድ። ጉልበት አራት በመቶ። ትናንት የመጡ ባክቴሪያዎች የሉም። አገልግሎቴ አብቅቷል። እናመሰግናለን።"

ሲስተር ረድኤት ጠርዙን ይዛ ላጠችው። እየሳሳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሆኖ ነው የወጣው። በሳህን ላይ አስቀመጠችው፤ ከታቹ ያለው እጅ ሮዝ ነበር፣ የሰው እጅ የማይመስል፣ የሕፃን ተረከዝ የሚመስል። "ይጨብጡ" አለች። ሙሄ ጨበጠ። ትንሿ ጣት ሙሉ አልታጠፈችም፤ ሌሎቹ ታጠፉ።

ድንኳኑ እልል አለ። አራጋው ብቻ ሳህኑን ነበር የሚያየው። ሻይ ቤት ውስጥ በስልኩ ስሙን ያሰማችለት ድምፅ ዳግመኛ እንደማትናገር ገባው። ብዕሩን አወጣ፤ ባዶው ቦታ ላይ ጻፈ፤ እንደ ወጉም ቆሞ አነበበ፦

"ሟች፤ ተልባ። ዕድሜ፤ ሃያ አንድ ቀን። ሐዘንተኛ፤ ሙሄ ይመር።"

ማንም አልሳቀም። ሳህኑን ከጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ቀበሩት፤ ሦስት አካፋ አፈር በቃው።

ሙሄ ከጓሮ በቀጥታ ወደ ዳቦ ቤቱ መንገድ ሲያቀና ዚነት ከፊቱ ቆመች።

"ወዴት?"

"ምድጃውን ላየው ነው። በሩን ብቻ።"

"ሐዘንተኛ ሦስት ቀን ሳይቀመጥ ሥራ አይገባም። አራጋው ጽፎታል።"

ሙሄ አራጋውን አየ። አራጋው ደብተሩን አየ።

ዚነት ክርኗ ድረስ ታጥባ ነበር፤ ጣቷ እርጥብ ነው። ቀኝ እጁን ያዘችና አዲሱ ቆዳ ላይ በሌባ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጎደጎደ። ሁለቱም አጎንብሰው አዩት። ቀስ እያለ ተመለሰ።

"አሁን ጠይቀኝ" አለች።

ሙሄ ጉሮሮውን ጠረገ። ይህን ቃል ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

"እንዴት ነው? ተነስቷል?"

ዚነት እንደገና ጫን አደረገችው፤ አልቸኮለችም።

"ሦስት ቀን ይቀረዋል" አለች፤ እጁንም ሳትለቅ ወደ ድንኳኑ ይዛው ገባች።